የበቅሎዋ ገጽ

አስካለ ሞተች አሉኝ። አላመንኩም።

ወሬውን ያመጣው ባለ ልኳንዳው አቶ በየነ ነው። ሰንጋ ሊገዛ ገለምሶ ሄዶ ነበር። ትናንት ቅዳሜ ጧት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሌላ ጊዜ ከሩቅ ሲያየኝ «አንቺ ቀጭኗ፣ ነይ ሥጋ ውሰጂ!» እያለ መንደሩን የሚያውከው ሰውዬ፣ ዝም ብሎ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል።

«ወይንሸት፣ ያቺ የእግር አስተማሪ አርፋለች» አለኝ።

«ማን ነገረህ?»

«እዚያው ገለምሶ ነው የሰማሁት። አስካለ የምትባል አስተማሪ ጥቂት ታማ ሞተች አሉ። ቤቷ ድረስ ሄጄ አከራይዋን አጽናናሁ።»

«ሬሳዋን አይተሃል?»

«አንቺ ልጅ! ከተቀበረች በኋላ ነው የደረስኩት።»

«ታዲያ በምን አወቅክ? አገሩ አስካለ በሚባል ሰው ሞልቷል። የእኛዋ የተዛወረችው አሰበ ተፈሪ ነው፤ ገለምሶ አይደለም።»

«ከአሰበ ተፈሪ ነው የመጣችው ይላሉ።»

«ከአሰበ ተፈሪ የሚመጣው ሰው ሁሉ እሷ ነው?»

ባርኔጣውን አንዴ አዞረና፣ «አንድ ነገር ግን ገርሞኛል» አለ። «ሰው በአልጋው ራስጌ እመቤታችንን ይሰቅላል፣ ወይ ጃንሆይን ይሰቅላል። ሴትዮዋ የሰቀለችው በቅሎ ነው። ከፈረንጅ መጽሐፍ የወጣ የበቅሎ ሥዕል። ጠርዙ በምላጭ የተቆረጠ ነው፤ መቁረጥ ሥራዬ ስለሆነ አይቼ አውቃለሁ።»

ይኼን ሲል ትንፋሼ ተመለሰልኝ። «እንግዲያው እሷ አይደለችም!» ብዬ ጮህኩበት። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን።

አስካለ በዓለም ላይ ካለው ነገር ሁሉ አብልጣ የምትፈራው በቅሎ ነበር። መጽሐፍ ላይ ምላጭ ማሳረፍ ደግሞ ለእሷ ሰው እንደማረድ ነው። ታዲያ በምላጭ የቆረጠችውን በቅሎ በራስጌዋ ሰቅላ የምትተኛ አስካለ የእኛዋ ልትሆን አትችልም። መጽሐፉም ያለው እዚሁ ነው፤ ስትሄድ ለትምህርት ቤቱ ትታው ነው የሄደችው። የበቅሎዋ ገጽ በቦታው ካለ፣ ገለምሶ የሞተችው ሌላ ሴት ናት። ነፍሷን ይማር፤ ግን ሌላ ናት። ገጹ ከሌለ ደግሞ...

ወደ ዕቃ ቤት ሮጥኩ። ቁምሳጥኑ ተቆልፏል። ቁልፉ ያለው በዕቃ ቤት ኃላፊው እጅ ነው፤ እሱ ደግሞ ለልቅሶ ሐረር ወጥቷል፤ የሚመለሰው ሰኞ ነው። ዘበኛውን «እንስበረው» አልኩት። «የመንግሥት ቁምሳጥን ነው፤ እኔን ልታሳስሪ ነው?» ብሎ መጥረቢያውን ደበቀ።

እና ዛሬ እሑድ ነው። ቁጭ ብዬ መጠበቅ አልችልበትም። ወጣሁ፣ ገባሁ፣ የታጠበ ልብስ መልሼ አጠብኩ። አሁን ደግሞ እጽፋለሁ።

*

ሁለተኛ ደረጃ እንደጨረስኩ ትንንሾቹን እንዳስተምር ተቀጠርኩ። የመጀመሪያው ቀን ጧት የአስተማሪዎች ክፍል ስገባ አንዲት አጭር፣ ሰፊ፣ መነጽር ያደረገች ሴት ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ቀና ብላ ፊቴን አላየችም። ያየችው ጫማዬን ነው።

«ወደ ግራ ታጋድያለሽ» አለችኝ።

«ምን?»

«የግራ ተረከዝሽ በውጭ በኩል አልቋል። ቦታ የማይበቃሽ ሰው ነሽ።»

ሰላምታ እንኳ አልሰጠችኝም እኮ! እኔም አልተኛሁላትም። «አንቺስ አስተማሪ ሆነሽ በሸራ ጫማ ስትሄጂ አታፍሪም?» አልኳት።

አልተቆጣችም። «ሸራ ጫማ ድምፅ የለውም። ውሻ አይሰማኝም» አለች።

አንቺ አልኳት ብላችሁ አትታዘቡኝ። ድሬ ነው። እዚህ እርስዎ የምንለው ለዲሬክተሩና ለቄሱ ነው፤ ለእነሱም ሲመቸን።

ሰውን ሁሉ የምታውቀው በእግሩ ነበር። አንገቷን ደፍታ ስለምትሄድ ትሕትና ይመስላቸዋል፤ ውሸት ነው፤ እግር እያየች ነው። «ሰው ፊቱን ያበጃጃል፤ እግሩን ግን የሚያስብበት የለም» ትል ነበር። ከበር ውጪ ኮቴ ሰምታ «ዲሬክተሩ ነው፣ ተናዷል» ስትል ዲሬክተሩ ተናድዶ ይገባል።

ፈሪነቷን ግን እንዴት ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም። ውሻ ትፈራለች። የጋሪ ፈረስ ትፈራለች፤ ጋሪ ላይ ስትቀመጥ ፈረሱን ላለማየት ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ ነው። ቴሌግራም ትፈራለች። ከሁሉ ከሁሉ ደቻቱን፣ ያንን ደረቅ ወንዝ፣ ትፈራለች። ቤቷ መጋላ ነው፣ ትምህርት ቤቱ ከዚራ፤ በመሃል ያለው ደቻቱ ብቻ ነው። እኛ አሸዋው ላይ ተሻግረን እንሄዳለን፤ እሷ በድልድዩ ዞራ ትመጣለች። ከደንገጎ ተራራ የወረደ የጭነት መኪና ካየች ሾፌሩን ታስቆምና «ሐረር ዘንቧል?» ትላለች። ድሬ ላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐዩ አናት እያቃጠለ፣ ዝናቡ ተራራው ላይ ዘንቦ ጎርፉ በድንገት እንደሚመጣ ማን የማያውቅ አለ? ግን እኮ በየቀኑ አይመጣም!

አንድ ቀን አብረን ስንወጣ አሸዋው መሃል ደርሼ ዞር ስል እሷ ዳር ላይ ቆማለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ «ተመለሽ!» ትለኛለች። ፍየል ጠባቂዎቹ ይስቃሉ። አፍሬ ተመለስኩና በዚያ ሐሩር በድልድዩ ዞርን። ጎርፍ ግን ጠብ አላለም። ድልድዩ ላይ ቆሜ ደረቁን አሸዋ እያሳየኋት፣ «ይኸው! የት አለ ጎርፍሽ?» አልኳት።

«አልመጣም ማለት አይመጣም ማለት አይደለም» አለች። ምንም አላፈረችም።

*

መጽሐፉን ያገኘችው ከዚራ ነው። የአንድ ፈረንጅ የባቡር ሠራተኛ ሚስት ወደ አገሯ ልትመለስ ስትል ዕቃዋን ግቢ ውስጥ ዘርግታ ሸጠች። ሰው አልጋና ድስት ሲሻማ አስካለ አንድ ሰው የማይሸከመው የሚመስል መጽሐፍ ይዛ ወጣች። ሰኮና ያለው እንስሳ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ፤ ከአውራሪስ እስከ ሚዳቋ፣ በቀለም የተሳለ፣ ሥዕሉ ሁሉ በስስ ወረቀት የተሸፈነ። ጽሑፉ ፈረንሳይኛ ነው። እሷ ደግሞ ከየሥዕሉ ሥር ትንሽ ቁራጭ ወረቀት ለጥፋ የእንስሳውን ስም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሱማልኛና በሐረሪ ጻፈች። ስሞቹን ያመጡላት ተማሪዎቹ ናቸው። ክፍሏ ገበያ ነበር የሚመስለው። አንዷ በኦሮምኛ ጀምራ በሱማልኛ ትጨርሳለች፣ ሌላዋ «ኧረ አያቴ እንዲህ ነው የምትለው!» ብላ ትነሣለች።

ያንን መጽሐፍ ሳትታጠብ አትነካውም። በሁለት እጇ ነው የምትገልጠው። እርሳስ ይዞ የቀረበ ልጅ ወየውለት። አንድ ነገር ግን ዐይኔ ገባ። አህያን ጨርሳ ወደ ሜዳ አህያ ስትሻገር ማስመሪያዋን ታስገባና ሁለት ቅጠል በአንድ ላይ ትገለብጣለች። ሁልጊዜ። ልጆቹ ልብ አይሉም።

ዝም ማለት አልችልበትም፤ ጠየቅኳት።

«በቅሎ ናት» አለች። «አባቴን የገደለችው በቅሎ ናት። ነጋዴ ነበር። ጭነት ሊያጠብቅ ከኋላዋ ሲያልፍ ረገጠችው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። የሄድንበትን ሁሉ ረስቻለሁ፤ ኮቴዋን አልረሳሁም።»

«ታዲያ ይኼን መጽሐፍ ምን ቆርጦሽ ገዛሽው? ከዳር እስከ ዳር ኮቴ አይደለም እንዴ?»

«የምፈራውን ነው የማነበው። የማልፈራውንማ ምን አደርግለታለሁ?»

«በቅሎዋንስ?»

መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጠረገች። «እሷን ገና ነኝ» አለች።

*

ጣጣ ያመጣብን ግን በቅሎዋ አይደለችም፤ «የእግሮች ገጽ» የምንለው ነው። አንድ ሙሉ ገጽ ላይ እግር ብቻ ተስሏል። የላይኛው ረድፍ ላይ ጣቱ ጥንድ ያልሆነ፣ የፈረስ፣ የአህያ፣ የአውራሪስ እግር። የታችኛው ላይ ሁለት ሁለት ሆኖ የተሰነጠቀ፣ የበሬ፣ የፍየል፣ የግመል፣ የአሳማ፤ እንደ ወታደር ጎን ለጎን ተሰልፈዋል። አስካለ «መልካቸው ሌላ ሌላ ነው፤ በእግራቸው ግን ዘመዳሞች ናቸው» ብላ አስተማረች። የዚያን ቀን አንድ አግዳሚ ላይ የተቀመጡት የአቶ በየነ ልጅና ቀፊራ ገበያ ጨርቅ የሚሸጠው የሐጂ ዩሱፍ ልጅ ናቸው። ሁለቱም ትምህርቱን ይዘው ቤታቸው ገቡ።

በማግስቱ ጧት ሁለቱ አባቶች በሩ ላይ ተገናኙ። እኔ ልጆቹን እያሰለፍኩ ነበርና ሁሉንም ሰምቻለሁ።

«ግመልና በሬ ዘመድ ናቸው ብላለች!» አለ አቶ በየነ። «አባቶቻችን ግመል አይበላም ያሉን እግሩ ስንጥቅ አይደለም ብለው ነው። እሷ ስንጥቅ ነው ካለች ነገ ብሉ ማለቷ አይደል? ልጄ ራት ላይ ‹አባባ፣ ግመልም እኮ› ብላ ስትጀምር ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ!»

«ወረያ በየነ፣ ያንተስ ይሻላል አቦ!» አለ ሐጂ ዩሱፍ። «የእኔዋ ፍየሉን ከአሳማ አዛመደችው! ዋላሂ፣ ትናንት ሥጋው ቀርቦ አልበላም አለች። ‹የአሳማ ወንድም ነው› አለችኝ። እናቷ አለቀሰች።»

እነዚህ ሁለት ሰዎች ጎረቤት ናቸው፤ ሲቀላለዱ ነው የሚውሉት፤ በሥጋ ነገር ግን ተስማምተው አያውቁም። ሐጂ ዩሱፍ ከአቶ በየነ ልኳንዳ ገዝቶ አያውቅም። ያን ዕለት ተስማሙ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ዲሬክተሩ ዘንድ ገቡ። ቀትር ሳይሆን ከዚራ ላይ «አስካለ ሰለመች» ይባላል፤ መጋላ ላይ ደግሞ «ልጆቻችንን አሳማ ልታበላ ነው»። ቤቷ መጋላ፣ ሥራዋ ከዚራ። የት ትግባ?

ዲሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም። እሱም ፈሪ ነው። ከሐረር ኢንስፔክተር ሊመጣበት ነው፤ ከተማው በአስተማሪዋ ላይ ሲጮህ እንዲያገኘው አልፈለገም። አስካለን አስጠራት፤ እኔም ሳልጠራ ተከትያት ገባሁ። ምላጭ ከነወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ኢንስፔክተሩ ሳይመጣ ይኼ ገጽ ይውጣ» አለ። «አለዚያ አንቺ ትወጫለሽ። እኔ ምን ላድርግ?»

አስካለ ምላጩን በሁለት ጣቷ አነሣች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ውጪ ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀመጥን። መጽሐፉ ጉልበቷ ላይ ነው።

«አንድ ገጽ ነው» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። «አንድ ገጽ ቢወጣ ማን ይሞታል?»

«አንቺ ነሽ ይኼን የምትዪው?»

«እናቴን የምጦረው በዚሁ ሥራ ነው ወይንሸት። ከዚህ ቢያባርሩኝ የት ነው የምገባው?» ምላጩ ወረቀቱ ውስጥ ይንሿሿል።

«ቆይ እስቲ፣ ለመሆኑ እውነት ነው?» አልኳት። «የግመል እግር ስንጥቅ ነው?»

«መጽሐፉ ነው ይላል።»

«አንቺስ አይተሻል?»

ዐይኗን ወደ በሩ ጣለች። ያን ጊዜ ገባኝ። ማገዶ የጫነ ግመል በየጧቱ በትምህርት ቤታችን በር ያልፋል። አስካለ ግመሉን ከሩቅ ስታይ መንገድ ትሻገራለች። ስለ ሰኮና ስታስተምር የኖረች ሴት፣ በደጇ የሚያልፈውን እግር ቀርባ አላየችም!

ሳቄ አመለጠኝ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም፣ አልተቀየመችምም። መጽሐፉን ገልጣ ምላጩን ከነወረቀቱ የእግሮች ገጽ ውስጥ አስገባችውና ዘጋችው።

«ሳላይ አልቆርጥም» አለች።

*

ሆዳን የምትባል ሱማሌ አለች፤ ማገዶ በግመል እያመጣች በራችን ላይ ትሸጣለች። እኔ ነኝ የለመንኳት።

«አባዮ ሆዳን፣ ነገ ጧት ግመልሽን ግቢ ውስጥ አስገቢልን።»

«ምን ልታደርጓት?»

«እግሯን ልናይ።»

«እግሯን?» ሆዳን እስክትንፈራፈር ሳቀች። «ግመሌን የሚያይ ሰው ወተቷን ይጠይቀኛል፣ ዋጋዋን ይጠይቀኛል። እግሯን የጠየቀኝ የለም! አመጣልሻለሁ። ግን ንገሪያት ለዚያች ወፍራም፣ ግመሌ የሚፈራትን ሰው አትወድም።»

ይኼን ለአስካለ አልነገርኳትም።

በማግስቱ ዲሬክተሩ ኢንስፔክተሩን ሊቀበል ወጥቷል። ልጆቹ አባቶቻቸውን ጎትተው አምጥተዋል። ሆዳን ግመሏን በገመድ እየሳበች ስትገባ ግቢው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ከግድግዳ ጋር ተለጠፈ። አስካለ መጽሐፉን በደረቷ አቅፋ ከክፍሏ ወጣች። ፊቷ ላይ ላብ ቸፈፍ ብሏል። ትወድቃለች አልኩ። አሁን ትወድቃለች፣ ይስቁባታል፣ ከዚያ ወዲያ ከቤቷ አትወጣም።

ሆዳን የግመሏን የፊት እግር አጥፋ ከጉልበቷ ጋር በገመድ አሰረቻት። ግመሏ በሦስት እግር ቆማ አጉረመረመች። ውስጥ እግሯ ወደ ላይ ዞሯል፤ ጭቃና አሸዋ ስለለበሰ ምንም አይታይም።

አስካለ መጽሐፉን የእግሮች ገጽ ላይ ገልጣ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ተንበረከከች። እጇን ትዘረጋለች፣ ትሰበስባለች። እንደገና ትዘረጋለች። ግመሏ አንገቷን አዙራ ከላይ ታያታለች።

«ኧረ እኔ ላሳያችሁ» ብዬ ልገባ ስል ሆዳን ክንዴን ያዘችኝ። «ተያት» አለችኝ።

አስካለ መሐረቧን አወጣችና ጭቃውን መጥረግ ጀመረች። ቀስ እያለች፣ ልክ የሕፃን ፊት እንደምትጠርግ። ከዚያ መጽሐፉን አየች፣ እግሩን አየች፤ እንደገና መጽሐፉን።

«አቶ በየነ፣ ይምጡ» አለች። ድምፅዋ ተሰነጣጥቋል። «ሐጂ፣ እርስዎም።» ስትፈራ እርስዎ ትላለች።

አቶ በየነ ወደ ኋላ አለ። ዕድሜ ልኩን እግር ሲቆራርጥ የኖረ ሰው!

«ሂድ እንጂ አቦ» አለው ሐጂ ዩሱፍ። «ብላት አልተባልክም። እያት ነው የተባልከው።»

«አንተ ምን ቸገረህ? ዘመድህ ናት!»

«በእግር ግን ያንተ በሬ ዘመድ ናት አሉ!»

እየተጎነታተሉ ደረሱ። አስካለ በጣቷ አሳየቻቸው። «ከላይ ሁለት ጣት ናቸው። ሁለት ጥፍር። መጽሐፉ ይኼን ነው የሳለው። ከሥር ግን ይመልከቱ። ውስጥ እግሯ አንድ ወጥ ነው፤ እንደ ትራስ። ጣቶቹን አልለያቸውም።»

አቶ በየነ ፍርሃቱን ረስቶ አጎነበሰ። አንዴ በቀኝ አየ፣ አንዴ በግራ። «አልተሰነጠቀም!» ብሎ ጮኸ። «አላልኳችሁም? አልተሰነጠቀም!»

«ከላይ ተሰንጥቋል» አለ ሐጂ ዩሱፍ።

«ከታች አልተሰነጠቀም!»

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አለች አስካለ። «እኔ ከላይ ብቻ ነው ያስተማርኩት። አላየሁም ነበር። አሁን አየሁ።»

በዚህ መሃል ገመዱ ላላ። ግመሏ እግሯን ዘርግታ አወረደች፤ መጽሐፉ ላይ! የእግሮች ገጽ ላይ ቆመችበት። ልጆቹ ጮሁ። አስካለ ከሆዷ ሥር ናት፤ ራሷ ከግመሏ ጉልበት ጋር ሊገጥም ምንም አልቀረው። ትነሣለች፣ ትሮጣለች፣ ግመሏም ትደነግጥና ትረግጣታለች ብዬ ዐይኔን ጨፈንኩ።

አልተነሣችም። ዐይኔን ስገልጥ የመጽሐፉን ዳር በአንድ እጇ ይዛ «ቀስ... ቀስ እናቴ...» ትላለች። ለግመሏ ትበል ለራሷ አላወቅሁም። ሆዳን ምላሷን ጠቅ ጠቅ አደረገች፤ ግመሏ እግሯን አነሣችና ፈቀቅ አለች።

ገጹ ላይ የጭቃ አሻራ ቀረ። ከፊቱ ሁለት ጥፍር፣ ከኋላው አንድ ትልቅ ክብ። አስካለ እሱን አየችና ሳቀች። ጥርሷን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እንባዋ እየወረደ፣ መሬት ላይ ዘርፈጥ ብላ ሳቀች።

«ስለ አሳማው ደግሞ...» ብላ ወደ ሐጂ ዩሱፍ ዞረች።

«አምኛለሁ!» አለ ሐጂ፣ ሁለት እጁን አንሥቶ። «ስለ አሳማው አምኛለሁ! አምጥተሽ እንዳታሳዪኝ ብቻ!»

ዲሬክተሩና ኢንስፔክተሩ የገቡት በዚህ ሳቅ መሃል ነው። ኢንስፔክተሩ ግመሏን አየ፣ መሬት ላይ የተቀመጠችውን አስተማሪ አየ፣ ጭቃ የነካውን መጽሐፍ አየ። «ይህ ምንድን ነው?» አለ።

የመለሰው አቶ በየነ ነው። «እግር ነው ጌታዬ። ከላይ ሁለት፣ ከታች አንድ። እኛ ወላጆች ቆመን አይተናል።»

ኢንስፔክተሩ ደብተሩ ላይ ጥቂት ጻፈና አለፈ። ገጹም አልተቆረጠም። ክረምቱ ሲወጣ ግን ለአስካለ የዝውውር ወረቀት መጣ። ጨርጨር፣ አሰበ ተፈሪ። ቅጣት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

የመጨረሻውን ሌሊት መጽሐፉን ቤቷ ወስዳ አሳደረችው። ጧት በጨርቅ ጠቅልላ፣ ጨርቁን በመርፌ ሰፍታ አመጣችልኝና ቁምሳጥኑ ውስጥ አስቀመጥነው። ከዚያ ወዲህ ጨርቁን የፈታው ሰው የለም። አዲሱ አስተማሪ ፈረንሳይኛ አያውቅም። እኔም አልፈታሁትም። የእሷን ጽሕፈት ማየት አልሆነልኝም፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ባቡር ጣቢያው ላይ «ከባቡር ወርደሽ በምን ትሄጃለሽ?» አልኳት።

«በበቅሎ ነው ይላሉ።»

«ትፈሪያለሽ?»

«በጣም» አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተሳፈረች። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ በመስኮት አንገቷን አውጥታ እግሬን አየች። «ጫማሽን አስጠግኚ!» አለችኝ። የመጨረሻ ቃሏ ይኸው ነው። ደብዳቤ አልጻፈችልኝም፤ እኔም አልጻፍኩላትም።

*

ሰኞ።

ዛሬ ጧት ደቻቱን በአሸዋው ልሻገር ስል እግሬ ቆመ። ደንገጎ ላይ ደመና አለ። ዞሬ በድልድዩ ሄድኩ። ከሐረር የወረደ መኪና አጠገቤ ሲቆም ሾፌሩን «ሐረር ዘንቧል?» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት።

አቶ በየነ ልኳንዳውን ዘግቶ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሟል። «እዚህ እጠብቅሻለሁ» አለ። ከኋላው ሐጂ ዩሱፍ ጥላ ይዞ ቆሟል። ወሬው ቀፊራም ደርሷል።

የዕቃ ቤት ኃላፊው ቁምሳጥኑን ሲከፍት ቁልፉን አላግባብ አዞረው፣ አወጣው፣ እንደገና አስገባው፤ ቀምቼው ልከፍተው ምንም አልቀረኝ። መጽሐፉ እንደተሰፋ ነው። ክሩን በጥርሴ በጠስኩት። ጭኔ ላይ አድርጌ ስገልጠው አሸዋ ፈሰሰ። የእግሮች ገጽ አለ። ሁለት ጥፍር፣ አንድ ክብ፤ ጭቃው ደርቆ ወርቅማ ሆኗል። ምላጩ ግን እዚያ የለም።

ፈረስ አለ። አገላበጥኩ። አህያ አለ። በማስመሪያ ሳይሆን በጣቴ፣ አንድ በአንድ ገለጥኩ። ከአህያ ቀጥሎ የሜዳ አህያ መጣ።

ተመለስኩ። በሁለቱ መሃል የቀረ የገጽ ጠርዝ አለ፤ ከጣት የሚቀጥን። ቁርጡ ከላይ ሲጀምር ተንቀጥቅጧል፣ ሁለት ቦታ ስቷል። ከመሃል በኋላ ግን ቀጥ ብሎ ወርዷል። ከሥሩ፣ ምላጩ ከነወረቀቱ ተቀምጧል። ከሥዕሉ ሥር የነበረውን ቁራጭ ወረቀት አንሥታ ጠርዙ ላይ ለጥፋዋለች፤ የሚያገላብጥ ልጅ ምን እንደጎደለ እንዲያውቅ። በአራት ቋንቋ ተጽፏል። በአማርኛው «በቅሎ» ይላል።

መጽሐፉን ዘግቼ፣ አሸዋውን ከቀሚሴ ላይ ሳላራግፍ ወጣሁ። አቶ በየነ ከሩቅ ሲያየኝ ወደ እኔ መጣ። ዐይን ዐይኔን ሳይሆን እግሬን እያየ፣ «ገጹ አለ?» አለኝ።

«የለም» አልኩት።

ባርኔጣውን አወለቀ። ሐጂ ዩሱፍም ጥላውን አጠፈ።